የውድድር መኪና አየር ማስገቢያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትርፍ ጊዜያችሁ የውድድር መኪና የምታሰናዱ ሰዎች ስለ አየር ማስገቢያ ደጋግማችሁ የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

አየር ማስገቢያ ሲባል የትኛው ክፍል ነው?

አየሩ ከውጭ ከሚገባበት አፍ ጀምሮ ቫልቩ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ነው። አፉ አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ፊልትሮው አለ። ከዚያ ቱቦው ይቀጥላል። ቀጥሎ ትሮትሉ፣ ማለትም ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈተው በር ይመጣል። መጨረሻ ላይ አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አለ።

ብዙ ሰው "አየር ማስገቢያ ቀየርኩ" ሲል ከአፉ እስከ ትሮትሉ ያለውን ማለቱ ነው። እዚህም መጀመሪያ የምናወራው ስለዚያ ነው።

ይህን ብቻ ብቀይር ስንት የፈረስ ጉልበት አገኛለሁ?

ከምትጠብቁት ያነሰ። አየር ማስገቢያ በራሱ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚገጥመውን እንቅፋት ነው የሚቀንሰው። እንቅፋቱ ድሮም ትንሽ ከነበረ የሚቀነስ ነገር የለም። ቱርቦ (አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከትሮትሉ በፊት 1 በመቶ ግፊት እያጣ ነው እንበል። ያን ሙሉ በሙሉ ብታስቀሩለት የምታገኙት ወደ 1 በመቶ ነው። 150 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር አንድ ተኩል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? መጥፎ ማስገቢያ የሚያሳጣው ጥሩው ከሚጨምረው ስለሚበልጥ ነው። የጋለ አየር የሚስብ፣ አቧራ የሚያሳልፍ፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን የሚያሳስት ማስገቢያ ብዙ ያስከፍላል። እኔ ይህን ሥራ የማየው ሞተሩ ያለውን ጉልበት እንዳያጣ መጠበቅ አድርጌ ነው። እንደዚያ ካሰባችሁት የምትመርጡት ነገርም ይለወጣል።

ድምፁ ጨምሯል፤ ጉልበትም ጨምሯል ማለት ነው?

አይደለም። የፋብሪካው ሳጥን አንዱ ሥራው ድምፅ ማፈን ነው። ሳጥኑን ስታወጡ የሞተሩ የመሳብ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፣ መኪናውም የፈጠነ ይመስላል። ጆሮን ሳይሆን ሰዓትን እመኑ።

ከመጀመሬ በፊት የውድድሩን ደንብ ማየት አለብኝ?

ከሁሉም በፊት። አንዳንድ ምድብ የፋብሪካውን ሳጥን እንዳለ እንድትተዉ ያስገድዳል። አንዳንዱ ፊልትሮ ብቻ ያስቀይራል። ሌላው ደግሞ ሪስትሪክተር የሚሉትን ማጥበቢያ ቀለበት ያስገጥማል። ቱቦ ቆርጣችሁ በይዳችሁ ስታበቁ መኪናው ፍተሻ ላይ ቢወድቅ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ትልልቆቹም በዚህ ተቀጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በስፔኑ የካታሎኒያ ራሊ የቶዮታ ቡድን መኪኖች ላይ፣ አየሩ ማጥበቢያውን አልፎ በጎን እንዲገባ የሚያደርግ የተደበቀ አሠራር ተገኘ። ቡድኑ የዓመቱን ነጥብ ተነጠቀ፣ ለ12 ወርም ታገደ። ሲፈታ ወደ ቦታው እየተመለሰ ራሱን የሚደብቅ፣ ብዙ የተደከመበት ሥራ ነበር። ያን ያህል የምህንድስና ችሎታ በደንቡ ውስጥ ቢውል ኖሮ እያልኩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ሞተሬ ስንት አየር ይፈልጋል?

ይህን ሳታውቁ ቱቦ አትግዙ። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ አራት ምት ሞተር መጠኑን ያህል አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር 3000 ጊዜ ይሞላል፤ 6000 ሊትር ማለት ነው። ግን ሲሊንደሩ ጢም ብሎ አይሞላም። ለተራ ሞተር 85 በመቶ ብንወስድ 5100 ሊትር በደቂቃ ይመጣል፤ በሴኮንድ 85 ሊትር። ከዚህ በታች ስለ ቱቦ ስፋት ስናወራ ይህንኑ ሞተር እንጠቀማለን።

የፋብሪካውን ሳጥን አውጥቼ ክፍት ፊልትሮ ብገጥምስ?

በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ክፍቱ ፊልትሮ ኮፈኖው ሥር ይቀመጥና ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው የሚመጣውን ትኩስ አየር ይስባል። ውጭ 25 ዲግሪ ሆኖ ኮፈኖው ሥር 60 ከደረሰ አየሩ ወደ 10 በመቶ ይሳሳል። ጉልበቱ በዚያው ልክ ባይወርድም መውረዱ አይቀርም። በዚያ ላይ የጋለ አየር ሞተሩን ለማንኳኳት፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ እንዲቀጣጠል፣ ያጋልጣል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ ይስባል።

አንድ ቀን የቴርሞሜትር ጫፍ ፊልትሮው አጠገብ አስሬ መነሻ መስመር ላይ ተራ ስጠብቅ ቁጥሩን እያየሁ ነበር። መኪናው ቆሞ በየደቂቃው ሲወጣ ይታያል። ከተነሳን በኋላ ደግሞ ወዲያው አልወረደም፤ ከአንድ ዙር በላይ ፈጀ። አጭር ውድድር ከሆነ ግማሹን በጋለ አየር ነዳችሁ ማለት ነው።

የፋብሪካው ሳጥን ከውጭ የሚስብ ከሆነ እሱኑ ይዛችሁ ጥሩ ፊልትሮ ብትጨምሩበት ብዙ ጊዜ ክፍቱን ይበልጠዋል። ክፍቱን ከፈለጋችሁ ግን በላሜራ ክለሉት፣ ጠርዙ ላይ ኮፈኖው ሲዘጋ የሚጫነው ጎማ አድርጉበት፣ ከውጭ አየር የሚያመጣ ቱቦም ስጡት። ከለላው ብቻውን በቂ አይደለም።

አየሩን ከየት ልሳብ?

ቀዝቃዛ ከሆነበት፣ ግፊቱም ከፍ ካለበት። ጥሩዎቹ ቦታዎች የመኪናው አፍንጫ፣ ማለትም ከራዲያተሩ ፊት ወይም ጎን ያለው ክፍል፣ እና የፊት መስታወቱ ግርጌ ናቸው። መስታወቱ ላይ የሚጋጨው አየር እዚያ ስለሚታመቅ ግፊቱ ከፍ ይላል። የኮፈኖው መሀል ግን ብዙ ጊዜ አየር የሚመጥጥ ቦታ ነው። እዚያ ቀዳዳ ከከፈታችሁ አየር ከመግባት ይልቅ ሊወጣ ይችላል።

በግምት አትቁረጡ። ጣት የሚያህሉ የሱፍ ክሮች ኮፈኖው ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ ጓደኛችሁ ከጎን እየነዳ ቪዲዮ ይቅረጽ። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተኛ አየሩ ገጽታውን ተከትሎ ይሄዳል። ዝም ብሎ ከተወራጨ አየሩ እዚያ ተበጥብጧል ማለት ነው። ግፊቱን ለማወቅ ደግሞ ከታች የምገልጸው የውሃ ቱቦ ይበቃል። የናካ ቀዳዳ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለአውሮፕላን የተሠራው ጠለቅ ያለ ቅርፅ ያምራል፣ ነፋስንም ብዙ አይታገልም። ግን የሚሠራው ለስለስ ያለ አየር በሚያልፍበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጎርባጣ ቦታ ላይ ለጌጥ ብታደርጉት ትርፍ የለውም።

በፍጥነት ስነዳ አየሩ በራሱ ተገፍቶ አይገባም?

ይገባል፣ ግን ቁጥሩን እዩት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ጭማሪ ግፊት ከከባቢው አየር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ200 ኪሎ ሜትር 2 በመቶ ገደማ ነው። ለዚያውም ምንም ሳይባክን ከደረሰ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለሚሮጥ መኪና አፉን ወደ ፊት የምታዞሩት ለቅዝቃዜው ይሁን።

ቱቦው ስንት ሚሊሜትር ይሁን? ሰፋ ሲል ይሻላል አይደል?

እስከ አንድ ልክ ድረስ። ያ ባለ 2 ሊትር ሞተር በ60 ሚሊሜትር ቱቦ ሲስብ አየሩ በሴኮንድ 30 ሜትር ያህል ይሮጣል። በ70 ሚሊሜትር 22 ሜትር ይሆናል፤ በ76 ደግሞ 19። የግፊት ብክነት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ ከ60 ወደ 70 መሄድ ይታያል። ከ70 ወደ 76 መሄድ ግን ከኪሳችሁ ሌላ የሚቀንሰው ነገር እምብዛም ነው።

ከስፋቱ ይልቅ መታጠፊያውን አስቡበት። የመታጠፊያው ራዲየስ የቱቦውን ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ሲታጠፍ የተጨማደደ ቱቦ አትጠቀሙ። ሁለት ቱቦ ሲገናኝ ውስጡ ላይ ደረጃ እንዳይኖር ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። ጣት የነካውን ደረጃ አየሩም ያገኘዋል።

ትሮትሉን ማስፋትም እንደዚሁ ነው። ማነቆው እሱ ካልሆነ ጉልበት አይጨምርም። ይልቅ ፔዳሉን ትንሽ ሲነኩት መኪናው ይዘላል፤ መታጠፊያ ላይ ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ቱቦውን ከምን ልሥራ? አሉሚኒየም ይግላል ይባላል።

ይግላል። ግን አየሩ ቱቦው ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? 60 ሳንቲሜትር ርዝመትና 70 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቱቦ፣ ሞተሩ ሙሉ ሲስብ፣ ከሴኮንድ 3 መቶኛ በታች ነው። በዚያ ቅጽበት ብዙ ሙቀት አይወስድም። ስለዚህ ከቱቦው ዓይነት ይልቅ አፉ የት እንደተቀመጠ ይበልጣል።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ይበየዳል፣ አይቀልጥም። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ፣ መጋጠሚያው ላይ አጭር የሲሊኮን ጎማ አድርጎ። የቱቦው ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑር፤ አለበለዚያ ጎማው እየተንሸራተተ ይወልቃል። የቤት የውሃ ቱቦ ፒቪሲ ለሙከራ ይሆናል፣ ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ጭስ ማውጫ አጠገብ ፈጽሞ አታድርጉት። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ከሚሠሩት ደግሞ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ኮፈኖ ሥር 60 ዲግሪ እንግዳ ነገር አለመሆኑን አይተናል።

ውድድር ላይ ፊልትሮ የግድ ነው?

የግድ ነው። "ለአንድ ውድድር ምን ያደርገኛል" የሚሉ አሉ። አቧራ አሸዋ ነው፤ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተን ቀለበቱን ይፍቃል። ከፊታችሁ ያለው መኪና ከአስፋልት ወጥቶ አፈር ሲያስነሳ ያን ሁሉ የምትውጡት እናንተ ናችሁ። ትልቅ ንጹሕ ፊልትሮ የሚያስከፍላችሁ ግፊት በጣም ትንሽ ነው፤ ሞተር ማደስ ግን ያው ሞተር ማደስ ነው።

የወረቀት ፊልትሮ አቧራ በመያዝ ጎበዝ ነው፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ፊልትሮ ይታጠባል፣ አየርም በደንብ ያሳልፋል። ስፖንጁ በጣም አቧራማ ለሆነ ቦታ ይመቻል። ዘይት የሚቀባውን ከመረጣችሁ ዘይቱን አታብዙ። ትርፉ ተነፍቶ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ሽቦ ላይ ይቀመጣል። ስፖንጅና ጥጥ እሳት እንደሚይዝም አትርሱ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከተኮሰ ፊልትሮው ሊነድ ይችላል።

ከቀየርኩ በኋላ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ መብራትም በራ። ምን አጠፋሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁታል። ሴንሰሩ የሚያየው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀሪውን የሚያሰላው የቱቦው ስፋት የፋብሪካው ነው ብሎ ነው። ከ70 ወደ 76 ሚሊሜትር ካሳደጋችሁት አየሩ ስለሚዘገይ 15 በመቶ አሳንሶ ያነባል። ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያሳንሳል፣ ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ደግሞ ፒስተን እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። የፋብሪካውን የሴንሰር ቤት እንዳለ ተጠቀሙ፣ ከፊቱም ቀጥ ያለ ቱቦ ተዉለት። ወዲያው ከመታጠፊያ በኋላ ከሆነ ንባቡ ይዋዥቃል።

ሁለተኛው፣ ከሴንሰሩ በኋላ አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ። ያልጠበቀ ማጥበቂያ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ያልተደፈነ ትንሽ ቱቦ። በጭስ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ ጭስ ይነፋበትና ከየት እንደሚወጣ ይታያል። በጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር እየረጫችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ።

ከቫልቭ ክዳኑ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ልድፈነው?

በፍጹም። ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው። ከተደፈነ ውስጡ ግፊት ይጠራቀምና ዘይት መያዣ ጎማዎቹን ይገፋል። ደንቡ ከፈቀደ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ውሰዱት። መታጠፊያ ላይ ዘይት እያፈናጠቀ ማስገቢያውን እንዳያቆሽሽ ያደርጋል።

ዝናብ ላይ ውሃ ቢገባስ?

ነጠብጣብ አያሳስብም። የሚያሰጋው አፉ ከፓራውልቱ ግርጌ ተቀምጦ የቆመ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው። ውሃ አይታመቅም። የአንዱ ሲሊንደር መጠን 500 ሲሲና ማመቂያው 10 ለ1 በሆነ ሞተር፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 55 ሲሲ ገደማ ነው። ከእፍኝ የማይበልጥ ውሃ ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። አፉን ከፍ አድርጉ፣ ሳጥኑ ግርጌ ላይም ውሃ ማፍሰሻ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ።

ማስገቢያዬ እያነቀ መሆኑን በራሴ እንዴት ልለካ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ጣውላ፣ ማስመሪያና ቀለም የተጨመረበት ውሃ ነው። ቱቦውን ጣውላው ላይ እንደ "ሀ" ፊደል ከሥር አጥፋችሁ እሰሩትና ግማሹን ውሃ ሙሉት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ፣ ከትሮትሉ በፊት ካለ ትንሽ ቀዳዳ ጋር አገናኙ። ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። ከትሮትሉ በኋላ ካገናኛችሁት ግን ሞተሩ ውሃውን ይመጥጠዋል፤ ተጠንቀቁ።

ትራፊክ በሌለበት ዝግ ሜዳ ሙሉ ረግጣችሁ ሞተሩን ወደ ላይኛው ዙር ውሰዱት። ስልክ አስራችሁ ውሃውን ቅረጹ። በሁለቱ ጎን መካከል ያለው ልዩነት 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ያጣችሁት ግፊት 1 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን ቦታ እየለወጣችሁ ድገሙት፤ ከፊልትሮው በፊት፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ አፉ አጠገብ። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ማነቆው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚጠረጥረው ፊልትሮውን ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሳጥን ውስጥ የሚገባውን አፍ ሆኖ አገኘሁት፦ ከመብራቱ ጀርባ ተጨፍልቆ የኖረ አንድ ክንድ የማይሞላ ጎማ። ያን ቀን ምንም ነገር ሳልገዛ ማነቆውን አስወገድኩ።

የመለከት አፍ ምን ይጠቅማል?

እንዲሁ ተቆርጦ የቀረ ቱቦ ጠርዝ ላይ አየሩ በአንዴ መታጠፍ ስለማይችል ከግድግዳው ይላቀቃል። ቱቦው 70 ሚሊሜትር ቢሆንም አየሩ የሚያልፍበት ከዚያ የጠበበ ይሆናል። ጠርዙን እንደ መለከት ገልብጣችሁ ካከበባችሁት አየሩ ግድግዳውን ተከትሎ ይገባል። ጠርዙን ማክበብ ርካሽ ሥራ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ላለ የቱቦ አፍም ይሠራል። ብቻ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አይቅረበው፤ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ግማሽ ያህል ክፍተት ተዉ፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ።

የማኒፎልዱ ቱቦዎች ርዝመት እውነት ያን ያህል ለውጥ አለው?

አለው፤ ከትሮትሉ በፊት ካለው ሁሉ የበለጠ። ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሩ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሳል። ሞገዱ በድምፅ ፍጥነት፣ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ፣ እስከ ክፍቱ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል። ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ተጨማሪ አየር ይገፋል። ካልደረሰ ወይም ቀድሞ ካለፈ ያ ጥቅም የለም።

ቱቦው 35 ሳንቲሜትር ከሆነ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ 2 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ሞተሩ በ6000 ዙር 74 ዲግሪ ይዞራል። በ3000 ዙር ግን 37 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ አንድ ርዝመት ለሁሉም ዙር አይስማማም። ረጅሙ ለዝቅተኛ ዙር፣ አጭሩ ለከፍተኛ ዙር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 "ለ ማን" የሚባለውን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው የማዝዳ 787ቢ መኪና ችግሩን የፈታው ማስገቢያው ሞተሩ እየዞረ የሚረዝምና የሚያጥር ሆኖ ስለተሠራ ነው። እኛ አንዱን መምረጥ አለብን። ምርጫው ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጥበት ዙር ይሁን፤ ከፍተኛው ዙር ብቻ አይደለም። ስትለኩ ደግሞ በሲሊንደሩ ራስ፣ ማለትም ቫልቮቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ ያለውን መንገድም ጨምሩ፤ ርዝመቱ የሚቆጠረው ከቫልቩ ነው።

ሪስትሪክተር ላለበት ምድብ ምን ልዩ ነገር አለ?

ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ለምሳሌ የተማሪዎች ውድድር በሆነው ፎርሙላ ስቱደንት፣ ቤንዚን የሚጠቀም መኪና አየሩ ሁሉ በ20 ሚሊሜትር ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል። አየሩ እዚያ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ከዚያ በላይ መሳብ አይቻልም። በባሕር ወለል ከፍታ ጣሪያው በሴኮንድ 75 ግራም ገደማ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጎትት አይጨምርም።

ስለዚህ ሥራው ከቀዳዳው በኋላ ነው። አየሩን ቀስ እያላችሁ አስፉት፤ የሾጣጣው ሙሉ አንግል 7 ወይም 8 ዲግሪ አካባቢ። ቶሎ ከሰፋ አየሩ ይላቀቅና ግፊቱ አይመለስም። ከዚያ በቂ የአየር ማጠራቀሚያ ሳጥን ስጡት። ሲሊንደሮቹ በየተራ ሲስቡ ሳጥኑ ንዝረቱን ይውጠዋል፣ በቀዳዳው በኩል ያለው ፍሰትም ይረጋጋል። ግን ሳጥኑ በጣም ከተለቀ ሞተሩ ለፔዳሉ ዘግይቶ ይመልሳል። እዚህ ላይ ከመሞከር ሌላ መንገድ አላውቅም።

ከፍታ ቦታ ላይ ነው የምወዳደረው፤ ጥሩ ማስገቢያ ይክሰኛል?

አይክስም። 2000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ማስገቢያ በአካባቢው የሌለውን አየር ሊያመጣ አይችልም። የሚክሰው ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ነው። ተፎካካሪዎቻችሁም ያንኑ አየር ነው የሚስቡት።

ሁሉን ገጥሜ ጨርሻለሁ። ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ምን ልይ?

መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ። በእጅ ባትሪ እያያችሁ እስከ ትሮትሉ ድረስ። ስትሠሩ አቧራ እንዳይገባ የወተፋችሁት ጨርቅ፣ የወደቀ ዳዶ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ሁሉ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። እኔ የምወትፈው ጨርቅ ቀይ ነው፤ ጫፉንም ረጅም ክር አስሬ መሪው ላይ እቋጥረዋለሁ።

ከዚያ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥና በድንገት ይልቀቅ። እናንተ ትሮትሉን እዩ። ሙሉ መከፈቱን፣ ሲለቀቅም ጠብ ብሎ መዘጋቱን። አዲሱ ቱቦ ሞላውን ወይም ገመዱን ነክቶ ከያዘው መኪናው መታጠፊያ ላይ አይቆምላችሁም። መጨረሻ ላይ ኮፈኖውን ዝጉና እንደገና ክፈቱት፤ ቱቦው ላይ የተፋቀ ምልክት ካለ ኮፈኖው እየተጫነው ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሚሊሜትር ስለሚወዛወዝ ጣታችሁ የሚገባበት ክፍተት ዙሪያውን ይኑር።